ደጁን ታውቁታላችሁ

ሎሜ ልሄድ ነው ስላት እማዬ "ሞጆ ጋ ያለችው?" አለችኝ።

አልተሳሳተችም። የሞጆ ደረቅ ወደብ ያለበት ወረዳ ስሙ ሎሜ ነው። እኔ የምሄድባት ሎሜ ግን የቶጎ ዋና ከተማ ናት፤ ባሕር ያላት፣ መርከብ የሚቆምባት። ወዳጄ እዚያ አውሮፕላን ይጠግናል። የኛ አየር መንገድ ባለድርሻ የሆነበት አስካይ የሚባል አየር መንገድ በፈረንጆቹ ከ2010 ጀምሮ መናኸሪያውን ሎሜ ስላደረገ፣ መንገድ ላይ ሳይታሰብ አማርኛ የሚሰማባት ከተማ ሆናለች። ወደ አሜሪካ ሲበር ሎሜን በመስኮት ያየ ሰው ብዙ ነው። ወርዶ ያያት ግን ጥቂት ነው። እኔም "እስቲ ልውረድ" ብዬ ነው።

"ጨርቅ ካለ አምጣልኝ" አለችኝ እማዬ። መርካቶ ሸማ ተራ አርባ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራት። መንግሥተ ሰማያት ልሄድ ነው ብላትም ጨርቅ ካለ አምጣልኝ ነው የምትለኝ።

ኅዳር 2017 ሄድኩ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የቶጎ ዓመቶች የፈረንጆቹ ናቸው። ሁለቱን እያደባለቅኩ እናንተንም እኔንም አላደክምም።) ጨርቁን ገዛሁ። ስገዛ ግን የሸጡልኝ አዛውንት አንድ ነገር ተናገሩ። ዓመት አለፈው፤ ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። ታክሲ ውስጥ ይመጣል፣ ባንክ ሰልፍ ላይ ይመጣል፣ ሌሊት ይመጣል። ብጽፈው ይለቀኝ እንደሆነ ልሞክር።

ስንት ገባ?

በደረስኩ ማግስት ዩሮ ልመነዝር ሄድኩ። ሰሌዳው ላይ 655 ይላል። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ልጅ ስልኩን አላየም፣ ሰው አልጠየቀም። ካልኩሌተሩን ጫን ጫን አድርጎ ቆጠረልኝ።

"ነገ ይጨምር ይሆን?" ብዬ ወዳጄን በአማርኛ ጠየቅኩት።

ሳቀብኝ። "ነገም 655 ነው። የዛሬ ዓመትም 655 ነው። ዩሮ ከተፈጠረ ጀምሮ ይኸው ነው፤ 655 ነጥብ 957። እዚህ አገር የምንዛሬ ወሬ የሚባል ነገር የለም።"

እኛ ቤት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የጠዋት ሰላምታ "ዛሬ ስንት ገባ?" ሆኗል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ የት እንደነበርኩ አስታውሳለሁ። እማዬ ሱቅ ነበርኩ። የጥለት ክር የምታመጣላት ነጋዴ በዚያ ሰሞን ዋጋ መናገር አቆመች። "ነገ ደውዪልኝ" ትላለች። ነገ ሲደወል ደግሞ "ነገ ደውዪልኝ"። እማዬ ስልኩን እያስቀመጠች "ነገ የሚባል ዋጋ ተጀመረ" ያለችው አይረሳኝም።

እና ሎሜ ላይ ቀናሁ። በሰው አገር ሕንፃ አልቀናሁም፣ በመንገድ አልቀናሁም። በአንድ ቁጥር ቀናሁ።

ገንዘቡን ሴፋ ይሉታል። የስምንት አገሮች ገንዘብ ነው። የሚታተመው ፈረንሳይ፣ የሚያስተዳድረው ባንክ ዳካር ነው። ኖቶቹ ላይ ሰው የለም፤ የስምንት መሪዎችን ፊት ከማማረጥ ይሻላል ብለው ይመስለኛል። እንስሳ ነው ያለው። 1,000ው ላይ ግመል፣ 500ው ላይ ጉማሬ፣ 10,000ው ላይ ወፎች። እዚያ በቆየሁበት ሳምንት አንድም ግመል አላየሁም። ግን ምን አገባኝ? ግመሉ ከዩሮ ጋር ታስሮ ቆሟል፣ የትም አይሄድም።

መቀነት የምታህል አገር

ቅዳሜ ዕለት ወዳጄ "አገሪቱን ላሳይህ" አለኝ። የምሩን ነው። የቶጎ የባሕር ዳርቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ 56 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ቢነሱበት ሞጆ እንኳ አያደርስም። በምዕራብ ጋና፣ በምሥራቅ ቤኒን ይዘዋታል። ከባሕሩ ወደ ሰሜን ግን ከ550 ኪሎሜትር በላይ ትረዝማለች፤ ቡርኪናፋሶ ጋ ደርሳ ታበቃለች። ካርታዋን ሳየው መቀነት ነው የመሰለኝ። ስፋቷ የኛን አንድ ሃያኛ ታህላለች። በ2022ቱ ቆጠራ ሕዝቧ 8.1 ሚሊዮን ነበር።

የጠበበችው ተፈጥሮ አጥብቧት አይደለም። በ1884 ጀርመኖች ያዟት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ስትሸነፍ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከላይ እስከ ታች ቀደዷት፤ ልክ ጨርቅ ለሁለት እንደሚቀደድ። የእንግሊዙ ቁራጭ በ1956 ድምፅ ተሰጥቶበት የዛሬዋ ጋና አካል ሆነ። የቀረው ቁራጭ በ1960 ነፃ ወጣ፤ ቶጎ ተባለ። የኤዌ ሕዝብ ድንበሩ መሃሉን ሰንጥቆት አለፈ። ሎሜም ድንበር ላይ ተለጥፋ ቀረች። በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ምዕራብ ከሄድክ ከተማው ሳያልቅ አገሩ ያልቃል። ከኬላው ወዲያ አፍላኦ ነው፣ ጋና። ገንዘቡ ሴዲ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ።

ሎሜ ራሷ የበቀለችው በዚህ ድንበር ምክንያት ነው። በ1880ዎቹ በጎልድ ኮስት (በዛሬዋ ጋና) በኩል እንግሊዞች ቀረጥ ሲያከብዱ፣ ነጋዴዎች ቀረጥ ወደሌለበት አሸዋ እየተሻገሩ ዕቃ ያራግፉ ጀመር። ያ አሸዋ ከተማ ሆነ፣ በኋላ ዋና ከተማ ሆነ። ኮንትሮባንድ የቆረቆራት ዋና ከተማ ሌላ ካለች ንገሩኝ።

ወደቡ ጋ ስንደርስ ወዳጄ መኪናውን አቆመ። ባሕሩ ላይ መርከቦች ተራ ይጠብቃሉ። አስራ ምናምን ቆጥሬ ተውኩት። ወደቡ ከ16 ሜትር በላይ ጥልቀት ስላለው፣ ግዙፍ መርከቦች እዚህ ይጠጋሉ። ከግቢው ውጭ የቡርኪናና የኒጀር ታርጋ የለጠፉ ከባድ መኪኖች ተደርድረዋል። ሾፌሮቹ ከመኪናው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ተኝተዋል። በተለይ የኒጀሮቹ፣ ከ2023ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የቤኒን ድንበር ሲዘጋባቸው፣ ዞረው የሚመጡት እዚህ ነው።

ጅቡቲ መንገድ ላይ ያየኋቸው የኛ ሾፌሮች ትዝ አሉኝ። ያው ምንጣፍ፣ ያው ጥላ፣ ያው ጥበቃ። የመኪና ሥር ሆኖ ወደብን ማየት ለኛ አዲስ አይደለም። እዚህ ግን ከበሩ ወዲያ ማዶ የቆመችውን አገር እያየሁ ነው። ቶጎ ፎስፌት አላት፤ ከሎሜ በስተምሥራቅ ክፔሜ ላይ ረጅም የብረት ድልድይ ባሕር ውስጥ ገብቶ መርከብ ላይ ይጭነዋል። ጥጥ አላት፣ ትንሽ ቡናና ካካዎ አላት። ግን እንጀራዋ በር ነው። የበር ጠባቂ አገር ናት። ገብተህ ስታልፍ ትከፍላታለህ።

ከወደቡ አልፈን ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ያየሁት ነገር ግን ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባ አለ። አንድ ቤት ቆሟል። ግማሽ ቤት ማለት ይሻላል። የባሕሩ በኩል ግድግዳ የለውም። ወለሉ ላይ ሰማያዊ ሴራሚክ ይታያል፤ ሴራሚኩ ያልቅና ገደል ነው፣ ከዚያ ማዕበል። የዘንባባ ሥሮች አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። አሮጌው አስፋልት የቱ ጋ ነበር ብለህ ብትጠይቅ በጣታቸው ውኃውን ያሳዩሃል።

የወደቡ ሥራ ነው ይላሉ፤ ሳይንሱም ይኸንኑ ይላል። ባሕሩ አሸዋውን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየገፋ ይሄድ ነበር። በ1960ዎቹ ለወደቡ ተብሎ የድንጋይ ክንድ ባሕር ውስጥ ሲዘረጋ አሸዋው ከክንዱ በስተምዕራብ ቆመ። ምዕራቡ ሰፋ፣ ምሥራቁ ተበላ። በዚያው ዘመን ጋና ላይ የተሠራው የአኮሶምቦ ግድብ ደግሞ ወንዙ ያወርደው የነበረውን አሸዋ ያዘ። አገሩን የሚያበላው በር፣ ያንኑ አገር ከጎን ይበላል።

ወዳጄ "ወደብ ወደብ ስትሉ ይኼንንም እዩት" አለኝ። አልመለስኩለትም።

የናና ሱቅ

ሰኞ አሲጋሜ ሄድን፣ ትልቁ ገበያ። ጀርመኖች ከሠሩት ካቴድራል ሥር የተንጣለለ ነው። ዋናው የገበያ ሕንፃ በጥር 2013 ተቃጥሏል፤ ንግዱ መንገዱን ሞልቶት ቀጥሏል። ዜሚጃን የሚሏቸው የሞተር ታክሲዎች በሰውና በጨርቅ መሃል ይሹለከለካሉ። መርካቶ ያደገ ሰው እዚያ አይጠፋም። ድምፁ ያው ነው፣ ግፊያው ያው ነው፣ "ወንድሜ ና እይ" የሚለውም ያው ነው፤ ቋንቋው ብቻ ሌላ።

ወዳጄ የሚያውቃቸው አዛውንት ከጎን መንገድ ላይ ጠበብ ያለች ሱቅ አላቸው። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። ከጋና ሰዎች ጋር ሲነግዱ ስለኖሩ እንግሊዝኛቸው ከኔ ይሻላል። "ናና" ነው የሚሏቸው፤ እኛ "እማማ" እንደምንለው ያለ ነው። በርጩማ ሳቡልኝ። ለእናቴ መሆኑን ስነግራቸው፣ እናቴም ጨርቅ ነጋዴ መሆኗን ስነግራቸው፣ ያወረዱትን ጨርቅ መልሰው አስቀመጡና ሌላ ጣቃ አወረዱ።

"ግልብጠው" አሉኝ።

ገለበጥኩት። "ልዩነት አለው?" የለውም። ፊቱና ጀርባው አንድ ነው፤ ቀለሙ እኩል ዘልቋል። "ይኼ የሆላንድ ነው። አሁን ይኼን ገልብጥ።" የቻይናው ነበር። ጀርባው ገርጥቷል፤ ፊቱ ብቻ ያምራል። "እናትህ ሳትነግራት ትገለብጠዋለች" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

በሆላንዱ ጨርቅ ጠርዝ ላይ የፋብሪካው ስም ተጽፏል። የአፍሪካ ጨርቅ የምንለው ከኔዘርላንድስ ነው የሚመጣው፤ ንድፉም መጀመሪያ ከኢንዶኔዥያ የተቀዳ ነው። ስም የሚያወጡለት ግን እነሱ ናቸው። አንዱ ንድፍ "የጣውንቴ ዓይን" ይባላል። አንዱ "አንተ ከወጣህ እኔም እወጣለሁ"። ሚስት ይኼን ለብሳ ስትወጣ ባል ይገባዋል። ጨርቁ ስም ካልወጣለት አይሸጥም ይላሉ።

ከነፃነት በኋላ ባሉት ሃያ ሠላሳ ዓመታት የዚህ ንግድ ጌቶች ሴቶች ነበሩ። ከሆላንድ ድርጅት ጋር ተዋውለው የየራሳቸውን ንድፍ ይዘው ለናይጄሪያ፣ ለኮትዲቯር፣ ለኮንጎ ያከፋፍሉ ነበር። መርሴዲስ በመግዛት ቀዳሚ ስለሆኑ ናና ቤንዝ ተባሉ። መንግሥት ትልቅ እንግዳ ሲመጣበት መኪናቸውን ይዋስ ነበር። ይኼን ስሰማ ለእማዬ ብነግራት እንዴት እንደምትስቅ አሰብኩ። የሸማ ተራ ሴቶች ለቤተ መንግሥት መኪና ሲያውሱ!

"እርስዎም ናና ቤንዝ ነበሩ?" አልኳቸው።

"ቤንዙ የእናቴ ነበር። እኔ ዕዳውን ነው የወረስኩት" ብለው ሳቁ።

ዋጋ ተነጋገርን። የሆላንዱን አልቻልኩትም። የቻይናውን ስድስት ያርድ በ9,000 ሴፋ ቆረጥን። በዚያን ቀን ምንዛሬ ወደ 1,800 ብር ገደማ። ሒሳቡን ስልኬ ላይ ስሠራ አዩኝና ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ብራችን በሐምሌ እንዴት እንደወደቀ፣ እናቴ ክር መግዛት እንዴት እንደቸገራት። ከዚያ ያችን ሞኝ ዓረፍተ ነገር አልኳት፤ "እናንተ ታድላችሁ። ገንዘባችሁ አይወድቅም።"

እጃቸው ጨርቁ ላይ ቆመ። ጥር 1994ን ነገሩኝ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አገሩ በአድማ ተዘግቶ ነበር። ተቃዋሚዎች ሥልጣን ልቀቅ፣ ፕሬዚዳንቱ አልለቅም ተባብለው ወደ ዘጠኝ ወር የዘለቀ አድማ። ሰው በመቶ ሺዎች እየሆነ ወደ ጋናና ቤኒን ሸሸ፤ ሎሜ ባዶ ቀረች። ያ ሲረግብ ናና ያላቸውን ሁሉ ሰብስበው ጨርቅ ሞሉ። ለገና ገበያ ለደንበኞቻቸው በዱቤ በተኑት። በጥር ገንዘቡ ሊመለስላቸው ነው።

ጥር 11 ማታ ዳካር ላይ መሪዎች ተሰበሰቡ። የፈረንሳይ ሚኒስትርና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ኃላፊም ነበሩ። ሴፋ በግማሽ ወረደ ተባለ። እስከዚያ ቀን 50 ሴፋ አንድ የፈረንሳይ ፍራንክ ነበር፤ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ 100 ሆነ። (ያ 655 ነጥብ 957 የሚለው ግራ የገባ ቁጥርም የመጣው ከዚህ ነው። አንድ ዩሮ 6.55957 ፍራንክ ነበር። በመቶ አባዙት።)

"ደንበኞቼ ታማኝ ነበሩ" አሉ ናና። "ሁሉም ከፈሉኝ። አንድ ሳንቲም አላጎደሉም። ያንን ይዤ ጨርቅ ልገዛ ስሄድ ግማሽ ጣቃ ሰጡኝ። ማንም አልሰረቀኝም። ግን ተሰርቄያለሁ።"

ከዚያ ከለመዱት ጨርቅ ዋጋ የሸሸ ገበያተኛ አልተመለሰም። ቆይቶ የቻይናው ገባ። የናናዎቹን ዘመን የዘጋው ያ ሌሊት ብቻ ነው ለማለት ይከብደኛል፤ እሳቸው ግን ቀኑን ነው የሚጠሩት።

ከመሳቢያቸው ጥቂት ኖት አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ተከታታይ ቁጥሩ የሚያልቅበትን ቦታ በጥፍራቸው አሳዩኝ። አንድ የላቲን ፊደል አለ። "ይቺ ኬ ናት፣ ሴኔጋል። ይቺ ኤ፣ ኮትዲቯር። ይቺ ሲ፣ ቡርኪና።" ፈልገው ፈልገው አንድ የቆሸሸ 1,000 አገኙ። "ይቺ ቲ። ቶጎ። የኛ የሆነችው ይቺ ብቻ ናት።" ከጥፍራቸው በታች ያለችው ፊደል ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ከግመሉ አጠገብ ተቀምጣለች።

ከዚያ ጠየቁኝ። "የናንተን ገንዘብ የጣለው ማነው?"

"የራሳችን መንግሥት ነው" አልኩ። አሰብ አደረግኩና "የገንዘብ ድርጅቱም ገፍቷል። ግን የወሰነው የኛው ነው" አልኩ።

ጨርቁን አጥፈው በላስቲክ ከተቱልኝ።

"ታዲያ እናንተ ደጁን ታውቁታላችሁ" አሉኝ።

ደጅ

ያ ነው የሚነዘንዘኝ።

መጀመሪያ እንደ ምርቃት ነው የሰማሁት። ኩራት ቢጤም ተሰማኝ። እኛ የራሳችን ባንክ አለን፣ የራሳችን ብር አለን፣ ፊደሉም የኛ ነው። በሰው ወርቅ አይደምቁ ይባል የለ? አውሮፕላን ላይ ሆኜ ግን ሌላ ሐሳብ መጣ። ደጁን ማወቅና መግባት አንድ ነው እንዴ? እኛ እኮ ደጅ መጥናት የሚል ቃል ያለን ሕዝብ ነን። ደጁን የሚያውቅ ሰው የሚያደርገውን ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ውጭ ይቀመጣል፣ ሰው ሲወጣ ይነሳል፣ ሰው ሲገባ ይነሳል፣ ማታ ቤቱ ይሄዳል፣ ጠዋት ይመለሳል። እማዬ የብሔራዊ ባንክን ሕንፃ ታውቀዋለች፤ ለገሃር ስትወርድ በአጠገቡ ታልፋለች። ያ ማወቅ የጥለት ክሩን አላረከሰላትም።

ከዚያ ደግሞ እገለበጣለሁ። ቢያንስ ስሙን ጠርታ ታማርራለች እላለሁ። ናና በ1994 ማንን ይውቀሱ? ዳካርን? ፓሪስን? የራሳቸውን ፕሬዚዳንት? አንዱ ጋ ሲሄዱ አንዱ ጋ ይልካቸዋል።

አንድ ጊዜ ደጁን ወደ አገር ቤት ላምጣው ያለ ሰው ነበር። ሲልቫነስ ኦሊምፒዮ፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት። ለንደን ኢኮኖሚክስ ተምሮ ትልቅ የንግድ ድርጅት ውስጥ የሠራ፣ ሒሳብ አዋቂ ሰው ነው። ቶጎ የራሷ ገንዘብ እንዲኖራት ይዘጋጅ ነበር። ጥር 13 ቀን 1963 ሌሊት ወታደሮች ቤቱ መጡ። ጎረቤቱ የአሜሪካ ኤምባሲ ነበር፤ አጥር ዘሎ ግቢው ውስጥ በቆመ መኪና ተደበቀ። ጎህ ሲቀድ አገኙት። በጥይት የተገደለው ኤምባሲው ደጃፍ ላይ ነው። ወታደሮቹ የተነሱበት ነገር ሌላ ነበር፤ ከፈረንሳይ ጦር ተሰናብተው የመጡ ነበሩ፣ በአገራቸው ጦር ቅጠረን ብለውት እንቢ ብሏቸዋል። ቶጎ ውስጥ ግን የገንዘቡን ነገር ሳያነሳ ይኼን ታሪክ የሚነግርህ ሰው አታገኝም። ያም ሆነ ይህ የኦሊምፒዮ ገንዘብ ሳይታተም ቀረ።

ከአራት ወር በኋላ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። ቶጎ አልነበረችም። ገዳዮቹ ያስቀመጡትን መንግሥት እንቀበል አንቀበል እየተባለ ደጅ ቀረች። ያንን አዳራሽ በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ወስደውን ጎብኝቼዋለሁ፤ በአፈወርቅ ተክሌ መስታወት ተደንቄ ነው የወጣሁት። አንድ ወንበር ጎድሎ እንደነበር የነገረኝ የለም።

በዚያ ሌሊት ከመጡት ወታደሮች አንዱ የነበረው ኤያዴማ በ1967 ሥልጣን ያዘ። ቀኑን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጥር 13። 38 ዓመት ገዛ። በ2000 የአፍሪካ ኅብረት መቋቋሚያ ሰነድ የተፈረመው ሎሜ፣ እሱ አስተናጋጅ ሆኖ ነው። በዚያው ስብሰባ በጉልበት ሥልጣን መያዝ እንዳይለመድ የሚል መግለጫ ወጣ። ማን ፊት እንደተነበበ ሳስበው ሳቄ ይመጣል። በ2005 ሲሞት ጦሩ ልጁን ፎርን አስቀመጠ። ጎረቤቶች ተቆጡ፣ ወረደ፣ ከሁለት ወር በኋላ ተመረጥኩ ብሎ ተመለሰ። በዚያ ምርጫ ሰሞን ከ400 እስከ 500 ሰው እንደሞተ የተባበሩት መንግሥታት አጣሪዎች ጽፈዋል። እኔ ያረፍኩበት አውሮፕላን ጣቢያ ስሙ የአባትየው ነው።

በ2024 ደግሞ ሕገ መንግሥቱን ቀየሩት። ፕሬዚዳንቱ እንግዳ የሚቀበል ሆነ፤ ሥልጣኑ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ለሚባል ሌላ ወንበር ተሰጠ። ለሱ የጊዜ ገደብ የለውም። ግንቦት 2025 ፎር እዚያኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከ113 የምክር ቤት መቀመጫ 108ቱ የፓርቲው ነው። ለኛ አንባቢ ይኼን ማብራራት አያስፈልገኝም። ፕሬዚዳንት ሻይ የሚጋብዝበትን፣ ሥልጣን ሌላ ቤት የሚያድርበትን አሠራር እናውቀዋለን።

እና ናና "እናንተ ደጁን ታውቁታላችሁ" ሲሉኝ፣ እሳቸው ያኛውን ደጅ ሳያውቁት ቀርተው ነው? ያውቁታል እንጂ። ከሱቃቸው ሆነው ድምፃቸውን ቀነስ ያደረጉት "ሥልጣን ልቀቅ" ያለውን አድማ ሲያነሱ ብቻ ነበር። ወዳጄም እግሬን በእግሩ ነካ አደረገኝ። አገሩን የሚመራው ደጅ ቅርብ ነው፣ አይንኳኳም። ገንዘቡን የሚመራው ደጅ ደግሞ ሩቅ ነው። በ2019 አቢጃን ላይ ስሙ ሊቀየር ነው፣ ግማሹ መጠባበቂያ ፈረንሳይ ግምጃ ቤት መቀመጡ ሊቀር ነው ተባለ። ስሙ እስካሁን ሴፋ ነው። 655ም እንደቆመ ነው።

የሚወድቅ ገንዘብ ይሻላል እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ናናም አላሉም። ሴዲን ያውቁታል፣ ከኬላው ማዶ ነው። በ2022 ሴዲ ሲንኮታኮት የአፍላኦ ደንበኞቻቸው ጨርቁን ዳብሰው ዳብሰው ሳይገዙ ይመለሱ እንደነበር ነግረውኛል። እሳቸው ሰላሳ ዓመት ዋጋቸውን ሳይፈሩ ተናግረዋል። "ነገ ደውዪልኝ" ብለው አያውቁም። ይኼን እማዬ ብታገኝ ፊደሉ የማንም ይሁን ብላ የምትወስደው ይመስለኛል። እኔም የምወስደው ይመስለኛል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ፤ ግን ሞኙ ማነው? ደጁን የተወው ነው ወይስ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው? በዚህ ጥያቄ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣሁ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ።

ጨርቁን ለእማዬ ስሰጣት ሱቋ ነበረች። ላስቲኩን ቀደደች። አልነገርኳትም። በሌባ ጣቷና በአውራ ጣቷ ጠርዙን ያዘች፣ ገለበጠችው።

"ይኼ ፊቱ ብቻ ነው" አለች።

የናናን ነገር ሁሉ ነገርኳት። ስለ ዱቤው፣ ስለ ግማሽ ጣቃው። ዝም ብላ ሰማችኝ። በመስከረም 1985 ዶላር ከሁለት ብር ወደ አምስት ብር የገባ ጊዜ እሷም አቡጄዲ በዱቤ ሰጥታ እንደነበር ያን ዕለት ነው የነገረችኝ። ያን ሁሉ ዓመት አንስታው አታውቅም። "ከፈሉሽ?" አልኳት። "ከፈሉኝ" አለች። ጨርቁን እያጠፈች ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛ መደርደሪያው ላይ አይታው "ይኼስ ስንት ነው?" አለቻት። እማዬ ወደኔ ዞረች።

"ስንት ነው ያልከኝ?"

"የዚያን ቀን ወይስ የዛሬ?" አልኳት።